እውነት ወይስ ተረት? ሊንክ ፋንክሽን ሲጠራ

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ያለችው ኩርሙክ ከመተማ ጋር ስሟ አብሮ የሚነሳ የስደተኞች መግቢያ ሆናለች። ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰው ይመዘገባል፤ የታመመ ይታከማል፤ ሕፃን ይከተባል። ይህ ሁሉ ቁጥር ሆኖ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ፣ ከአሶሳም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት፣ መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ዲኤችአይኤስ 2 በድር የሚሠራ ሥርዓት ነው፤ ቁጥሩ የሚገባውም የሚወጣውም በድር አድራሻ በኩል ነው። አድራሻው በአግባቡ ካልተነደፈ የአንድ ወረዳ ሪፖርት ሊጠፋ፣ ሁለቴ ሊቆጠር፣ ወይም ለማይመለከተው ሰው ሊታይ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ለወረዳ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ተቋም ሥርዓት ለሚሠሩ ወጣት ዴቨሎፐሮች የታሰበ ነው። በመካከላቸው ሲዘዋወሩ የምሰማቸው አባባሎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት ያላቸው፣ አንዳንዶቹ ጨርሶ ተረት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብራውዘር ወይም የስልክ አፕ አንድ አድራሻ ለሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፍሬምዎርክ አድራሻውን ይበትንና የትኛውን ፋንክሽን እንደሚጠራ፣ ምን ምን እንደሚያቀብለው ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጂአይ የተባለው ዘዴ ሲመጣ አድራሻ የሚጠራው አንድን ሙሉ ፕሮግራም ነበር፤ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው ጽሑፍ ለፕሮግራሙ ይቀርብለታል። ዛሬ ግን ፍሬምዎርኩ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ካሉት በርካታ ፋንክሽኖች አንዱን መርጦ ይጠራል። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ምርጫው በምን ይመራ ከሚለው ነው።

ተረት፦ «የፋንክሽኑን ስም አድራሻው ላይ ማስቀመጥ ቀላሉና ትክክለኛው መንገድ ነው»

ቀላልነቱ እውነት ነው። መጀመሪያ ክላስ፣ ቀጥሎ ፋንክሽን፣ ቀጥሎ መለያ ቁጥር፤ «/ታካሚ/አሳይ/57» ብሎ ጽፎ ፍሬምዎርኩ በስሙ ፈልጎ እንዲጠራው ማድረግ። ኮድኢግናይተር የተባለው የፒኤችፒ ፍሬምዎርክ ብዙ ጀማሪዎችን የሳበው በዚሁ ነው። አንድ ፋይል ከፍተህ ፋንክሽን ትጽፋለህ፤ አድራሻው ያኔውኑ ይሠራል።

ችግሩም ያው «ያኔውኑ ይሠራል» ያስባለው ነገር ነው። ለራስህ መጠቀሚያ ብለህ የጻፍከው፣ ለምሳሌ የአንድን ታካሚ መዝገብ ከሌላው ጋር የሚያዋህደው ፋንክሽን፣ ሳታውቀው ዓለም ሁሉ ሊጠራው የሚችል ይሆናል። ኮድኢግናይተር መጀመሪያ ላይ ያበጀው መከላከያ ስሙ በታች ሰረዝ የሚጀምር ፋንክሽን ከውጭ እንዳይጠራ ማድረግ ነበር። ይህ ማለት ሁሉ ነገር ክፍት ነው፤ ዝጋ ያልከው ብቻ ይዘጋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 4.2 ይህንን አካሄድ ገለበጠው። በራሱ የሚጠራው ዘዴ ካልተፈቀደለት በቀር እንዳይሠራ ተደረገ፤ አዲሱ ዘዴም ፋንክሽኑ በየትኛው የጥሪ ዓይነት፣ በጌት ወይስ በፖስት፣ እንደሚጠራ ከስሙ መጀመሪያ ላይ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ሩቢ ኦን ሬይልስም በተመሳሳይ መንገድ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሦስተኛው እትም ሁሉን የሚጠራውን አጠቃላይ መስመር ከነማስጠንቀቂያው ከሥራ ውጭ አድርጎ አስቀመጠው፤ ማስጠንቀቂያው መስመሩ እያንዳንዱን ተግባር በጌት ጥሪ ተደራሽ እንደሚያደርግ ይናገራል።

ከሁሉ የከፋው የደረሰው በቻይና በብዛት በሚሠራበት ቲንክፒኤችፒ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ይፋ የሆነው ቀዳዳ የአድራሻ አነዳደፍ ቀዳዳ ነበር። ፍሬምዎርኩ ከአድራሻው የወሰደውን የክላስ ስም በቅጡ ሳይመረምር ይጠራው ስለነበር፣ አጥቂው የአፕሊኬሽኑን ኮድ ትቶ የፍሬምዎርኩን የራሱን ውስጣዊ ክላስ በስሙ ይጠራል። እዚያ ውስጥ ደግሞ ማንኛውንም ፋንክሽን በስሙ የሚያስነሳ ፋንክሽን አለ። በአንድ መስመር አድራሻ ብቻ ሰርቨሩ የአጥቂውን ትእዛዝ ይፈጽማል። ፓስዎርድ አልተሰበረም፤ ፋይል አልተጫነም። ማስተካከያው ከወጣ በኋላም ያላደሱ ሰርቨሮች በአውቶማቲክ መንገድ እየታደኑ ተጠቁ።

ታዲያ ፋንክሽንን በስሙ መጥራት ጭራሽ ክልክል ነው? አይደለም። የሂሳብና የንብረት አስተዳደር ሶፍትዌሩ ኢአርፒኔክስት የተሠራበት ፍራፔ አድራሻው ላይ የፓይተኑን ፋንክሽን ሙሉ ስም በነጥብ እየለየ እንድትጽፍ ይፈቅዳል። ነገር ግን ዴቨሎፐሩ ከፋንክሽኑ ራስ ላይ «ይህ ከውጭ ይጠራ» የሚል ምልክት ካላደረገ ጥሪው ውድቅ ይሆናል፤ ወደ ሥርዓቱ ሳይገባ የሚጠራ ሰው እንዲፈቀድለት ከተፈለገ ደግሞ ያ ለብቻው መገለጽ አለበት። ከብዙ ዓመት በፊት የፓይተኑ ዞፕም የራሱ መንገድ ነበረው፤ ማብራሪያ ያልተጻፈለት ፋንክሽን በአድራሻ አይጠራም። የዞፕ መስፈርት ደካማ ነበር፤ ጥሩ ልማድ ያለው ዴቨሎፐር ለውስጥ ፋንክሽኑም ማብራሪያ ይጽፋልና። ሐሳቡ ግን ቀና ነው። የሚከፈተው ነገር በስም ተለይቶ ይከፈት፤ የቀረው ዝግ ይሁን።

እኔ የምደግፈው ከዚህም አንድ ደረጃ ወደፊት የሄደውን ነው። አድራሻው ለውጭ ሰው የተሰጠ ቃል ነው፤ ፋንክሽኑ የኮዱ የውስጥ ጉዳይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ የአድራሻዎች ዝርዝር በአንድ ፋይል ይጻፍ። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው ሥርዓቱ ለውጭ የሚያሳየውን ሁሉ በአንድ እይታ ያውቃል። ነገ ፋንክሽኑ ስሙ ቢቀየር፣ ቋንቋውም ከፒኤችፒ ወደ ፓይተን ቢዞር፣ አሶሳ ያለው ባለሙያ ያስቀመጠው ሊንክ አይሰበርም።

ተረት፦ «ጥሪ ጥሪ ነው፤ በጌት ተጠራ በፖስት ለውጥ የለውም»

ይህ ተረት ዳታ ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 ጉግል ዌብ አክስለሬተር የተባለ መሣሪያ አወጣ። ሥራው ሰው ከፍቶ በሚያነበው ገጽ ላይ ያሉትን ሊንኮች አስቀድሞ እየጠራ ገጾቹን ማዘጋጀት ነበር። በጊዜው አንዳንድ የታወቁ የድር ሥርዓቶች «አጥፋ» የሚለውን ተግባር እንደ ተራ ሊንክ አስቀምጠውት ነበር። መሣሪያው ሊንክ አየ፤ ጠራው። የሰዎች ጽሑፍ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ጠፋ። ክርክሩ ተጋጋለ፤ ይሁንና የኤችቲቲፒ ደንብ ጌት ለማየት ብቻ እንዲሆን ከዚያ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. የ2022ቱ አርኤፍሲ 9110ም የሚለው ያንኑ ነው።

«ያ የድሮ ነው» የሚል ካለ ቴሌግራሙን ይክፈት። ግሩፕ ውስጥ አንድ ሊንክ ስትለጥፍ ከሥሩ ርእሱና ምስሉ ብቅ ይላል። ያ የሚሆነው የቴሌግራም ሰርቨር አድራሻውን በጌት ስለጠራው ነው። አሁን የወረዳው ሥርዓት «/ሪፖርት/314/አጽድቅ» የሚል፣ በጌት የሚሠራ፣ ሚስጥራዊ ቁልፍ የተቀጠለበት ሊንክ ለኃላፊው ልኳል እንበል። ኃላፊው «ይህን አይታችሁ አስተያየት ስጡኝ» ብሎ ግሩፑ ላይ ቢለጥፈው፣ ማንም ሰው ጣቱን ሳያነሳ ሪፖርቱ ጸድቋል። ኢሜይል የሚፈትሹ የደህንነት ሶፍትዌሮችም ሊንኮችን እየከፈቱ ያያሉ። መፍትሔው ሊንኩን መከልከል አይደለም፤ ሊንኩ ሪፖርቱን ያሳይ፣ ማጽደቂያው ገጹ ላይ ያለ በፖስት የሚላክ ቁልፍ ይሁን።

የአድራሻን አጻጻፍ ደንብ እስከዚህ ድረስ ያሰቡበትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደረጃ አውጪው ድርጅት ኦኤሲስ ያጸደቀው ኦዳታ 4 ፋንክሽንን በአድራሻ ላይ ከነቅንፉ እንድትጽፍ ይፈቅዳል፤ ስሙ፣ ቅንፍ፣ የፓራሜትሩ ስም፣ እኩል ምልክት፣ ዋጋው። ቅንፍና ነጠላ ሰረዝ በአድራሻ ደንብ ውስጥ የተፈቀዱ ምልክቶች ስለሆኑ ሕገ ወጥ ነገር የለበትም። የሚደነቀው ግን ለሁለት የከፈለው መንገድ ነው። ምንም ነገር የማይለውጠው «ፋንክሽን» ይባላል፤ በጌት ይጠራል። የሚለውጠው «አክሽን» ይባላል፤ በፖስት ብቻ ይጠራል። ፍራፔም ወደዚሁ የሚጠጋ መከላከያ አለው፤ በጌት ጥሪ የተደረገ የዳታቤዝ ለውጥ በራሱ አይጸናም።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የጤና ባለሙያዋ «ላክ» ትላለች፤ ክቡ ይሽከረከራል፤ ኔትወርኩ ይጠፋል። ሪፖርቱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ደግማ ትልካለች። አድራሻው «አዲስ ሪፖርት ጨምር» የሚል ፋንክሽን የሚጠራ ከሆነ የክትባቱ ቁጥር እጥፍ ሆኖ ይመዘገባል። አድራሻው «የዚህ ጤና ጣቢያ፣ የዚህ ወር፣ የዚህ ቅጽ ሪፖርት» ብሎ ነገሩን የሚጠራ ከሆነና ጥሪው በፑት ከሆነ ግን ሦስት ጊዜ ብትልከውም የሚቀመጠው አንድ ነው። የፑት ትርጉም «በዚህ ቦታ ያለው ይህ ይሁን» ነውና። ፖስት ግድ የሆነበት ቦታ ላይ ስልኩ ለእያንዳንዱ መላኪያ የማይደገም ቁልፍ ፈጥሮ አብሮ ይላክ፤ ሰርቨሩ ቁልፉን ቀድሞ ካየው የመጀመሪያውን መልስ ይመልስለት።

ተረት፦ «አድራሻ በላቲን ፊደል ካልተጻፈ አይሠራም»

ይሠራል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 አርኤፍሲ 3986 የአድራሻን አጠቃላይ አጻጻፍ ሲደነግግ፣ በዚያው ወር የወጣው አርኤፍሲ 3987 ከላቲን ውጭ ያሉ ፊደላት አድራሻ ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ ደነገገ። አማርኛ ውክፔዲያን የሚያነብ ሰው ይህን በየቀኑ ያየዋል፤ የጽሑፉ አድራሻ ራሱ በአማርኛ ነው።

ሽቦው ላይ የሚሄደው ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ቁምፊ ይጻፋል። «ኩ» ብቻዋን %E1%8A%A9 ትሆናለች። አንድ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ ሆነች ማለት ነው። «ኩርሙክ» 36 ቁምፊ፣ «ቤኒሻንጉል ጉሙዝ» ከነክፍት ቦታው 84 ቁምፊ ይሆናል። በአረብኛ ፊደል ቢጻፍ አንዱ ፊደል ስድስት ቁምፊ ነው። በርዝመቱ የሚሰጋ ካለ፣ አርኤፍሲ 9110 ሁሉም ቢያንስ 8000 ባይት የሚደርስ አድራሻ እንዲቀበል ይመክራል፤ በቂ ነው። የሚያስቸግረው ሰው ላይ ነው። ሊንኩን ቀድቶ ቴሌግራም ላይ የለጠፈ ሰው ስለ ኩርሙክ የሚያወራውን ሊንክ የመቶኛ ምልክት ጫካ ሆኖ ያገኘዋል፤ በስልክ ለሌላ ሰው ሊያነብለት አይችልም።

ከርዝመቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስቡኝ ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሦስቱም የአማርኛ ጠባይ የሚያመጣቸው ናቸው።

አንደኛው ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ናቸው። «ጸሐይ»፣ «ፀሐይ»፣ «ፀሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለሰርቨር ሦስት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። የዩኒኮድ ማስተካከያ ደንቦች እነዚህን ወደ አንድ አያመጧቸውም። የዶሜይን ስም ጉዳይ የሚመለከታቸው ባለሙያዎች ይህን አውቀውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የግእዝ ፊደል በኢንተርኔት የሥር ዞን የስም ደንብ ውስጥ ሲካተት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት እንደ ተለዋጭ እንዲታዩ ተደርጓል። ከዶሜይኑ በኋላ ያለው የአድራሻ ክፍል ግን ያንተ ኃላፊነት ነው። ፍሬምዎርኩ ጥሪውን ሲቀበል ሐንም ኀንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሶ ይፈልግ፤ ካገኘ በኋላ አንባቢውን ወደ አንዱ ትክክለኛ አድራሻ ያሻግረው።

ሁለተኛው ሕዝባር (/) ነው። እኛ ስናሳጥር «ት/ቤት»፣ «ወ/ሮ»፣ «ጤ/ጣቢያ»፣ «ገ/ማርያም» እንላለን። አድራሻ ውስጥ ሕዝባር ክፍል መለያ ነው። «/ተቋም/ኩርሙክ ት/ቤት» ብለህ ከላክህ ፍሬምዎርኩ የሚያየው ሦስት ክፍል ነው፤ «ቤት» ለብቻው ሌላ ነገር ሆኖ ይቀራል። «ቀይሬ እልከዋለሁ» ብለህ በመቶኛ ምልክት ብትጽፈው ደግሞ አፓቺ ሰርቨር በተለመደው አቀማመጡ እንዲህ ያለውን አድራሻ «አልተገኘም» ብሎ ይመልሰዋል። የሰውን ወይም የተቋምን ስም የአድራሻ ክፍል አድርገህ የምትጠቀም ከሆነ ይህ ቀን ይመጣብሃል።

ሦስተኛው «።» ነው። በአርኤፍሲ 3987 መሠረት አራት ነጥብ አድራሻ ውስጥ መግባት የሚችል ሕጋዊ ቁምፊ ነው። ስለዚህ ሊንክ ጽፎ ወዲያው አራት ነጥብ የሚያደርግ ሰው፣ ሊንኩን የሚያነበው ሶፍትዌር አራት ነጥቡን ከአድራሻው ጋር ቢወስደው ደንብ አልጣሰም። የተላከለት ሰው «ገጹ የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ፍሬምዎርኩ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለ «።» ወይም «፣» ሲያይ ቆርጦ ቢያሻግር የብዙ ሰው ድካም ይቀንሳል፤ ሁለት መስመር ኮድ ነው።

የመቶኛ ምልክት ከተነሳ፣ እግረ መንገዴን ስለ ስልክ ቁጥርም ልናገር። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ «ስልክ=+251…» ብሎ የሚልክ ኮድ በየቦታው አለ። በቅጽ አላላክ ደንብ የመደመር ምልክት ባዶ ቦታ ማለት ነው። ሰርቨሩ የሚቀበለው ባዶ ቦታና 251 ነው፤ ፍለጋውም ባዶ እጁን ይመለሳል። የመደመር ምልክቱ በመቶኛ ምልክት መጻፍ አለበት።

ተረት፦ «የቦታው ስም በቂ መለያ ነው»

ኩርሙክ ሁለት ናት። አንዷ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ ዞን ያለችው ወረዳና ከተማ፤ ሌላዋ ድንበሩን እንደተሻገርህ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ያለችው። ስማቸው አንድ፤ ርቀታቸውም ቅርብ። «/ቦታ/ኩርሙክ» የሚል አድራሻ የትኛዋን እንደሚጠራ አይናገርም፤ በተለይ የስደተኛ መነሻና መድረሻ በአንድ ቅጽ ሲሞላ ስህተቱ ቀጥታ ወደ ሪፖርቱ ይገባል። በዚያ ላይ በርታኛ በክልሉ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ማዶ ያለው መዝገብ በአረብኛ ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። አንዷ ከተማ በሦስት ፊደል ስትጻፍ ሦስት ቦታ ትመስላለች።

ለዚህ ነው ዲኤችአይኤስ 2 እያንዳንዱን ተቋምና ወረዳ በስሙ ሳይሆን በ11 ቁምፊ መለያ የሚጠራው፤ በፊደል ይጀምራል፣ ቀሪው ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለ ነው። ጤና ጣቢያ ስሙ ቢቀየር መለያው አይለወጥም። የዚህ ሥርዓት የትንታኔ አድራሻ በመሠረቱ የፋንክሽን ጥሪ ነው። የምን ቁጥር፣ የየትኛው ጊዜ፣ የየትኛው ቦታ የሚሉት ሦስቱ በየስማቸው ይገባሉ፤ በስሙና በዋጋው መካከል ሁለት ነጥብ፣ በብዙ ዋጋዎች መካከል ሴሚኮለን (;) ይደረጋል። ለዓይን አያምርም። ግን የሚፈለገው ነገር ምንም ሳይምታታ ይደርሳል። ሰው እንዲያነበው ከተፈለገ መለያው ይቅደም፣ ስሙ ለመግለጫ ይከተለው፤ ሰርቨሩ መለያውን ብቻ ያንብብ።

ተረት፦ «ቀን ቀን ነው፤ እንደ ፈለግህ ጻፈው»

2015-13-06 ብለህ ላክ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. እውነተኛ ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2023 ላይ ውሏል። አብዛኛው የፍሬምዎርክ ማረጋገጫ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ ይጥለዋል። ከዚህ የሚብሰው የማይጣለው ነው። 2016-01-05 በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ሕጋዊ ቀን ስለሆነ ማንም ሳያጉረመርም ስምንት ዓመት ገደማ ወደኋላ ይመዘገባል። አድራሻው ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ይነገር፤ ወይም አድራሻው ሁልጊዜ በአንዱ ይሁንና ለሰው የሚታየው ገጽ ይለውጠው። ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ አንተ የምትጽፈው ኮድም ማወቅ ይችላል።

ተረት፦ «የቁልፉ ምልክት ስላለ አድራሻው ላይ ያለው ሁሉ ሚስጥር ነው»

ግማሽ እውነት። ኤችቲቲፒኤስ አድራሻውን በመንገድ ላይ ይሸፍነዋል፤ በመሃል ያለ ሰው የዶሜይኑን ስም ቢያይ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አያይም። መንገዱ ሲያልቅ ግን አድራሻው ይገለጣል። የሰርቨሩ ሎግ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። የብራውዘሩ ታሪክ ላይ ይቀራል፤ አንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ቢሮ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስክሪንሹት ላይ ይወጣል። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ ዋና ዋና ብራውዘሮች ወደ ሌላ ዌብሳይት ስትሄድ የመነሻውን ሙሉ አድራሻ አያቀብሉም፤ ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሎጉንና ታሪኩን አይነካም።

ስለዚህ የፋይዳ ቁጥር፣ የታካሚ ካርድ ቁጥር፣ የስደተኛ ምዝገባ ቁጥር አድራሻ ላይ አይጻፍ። ኢትዮጵያ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አሏት፤ ከጦርነት ሸሽቶ የመጣን ሰው መረጃ በሎግ ፋይል መበተን ደግሞ አዋጅ ባይኖርም ነውር ነው። መፈለጊያው በፖስት አካል ውስጥ ይሂድ። የሚገመት ተራ ቁጥርም ሌላ ቀዳዳ ነው፤ 57ን ያየ ሰው 58ን ይሞክራል። ረጅም መለያ መጠቀም ግምቱን ያከብደዋል እንጂ መቆለፊያ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ጥሪ «ይህ ሰው ይህን ማየት ይፈቀድለታል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ተረት፦ «ሬስት ግስ ይከለክላል»

ሮይ ፊልዲንግ ሬስት የተባለውን የድር አነዳደፍ ስልት እ.ኤ.አ. በ2000 ባስተዋወቀበት የዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ አድራሻ በስም ብቻ ይጻፍ፣ ግስ ኃጢአት ነው የሚል ደንብ የለም። የሚያምር አድራሻና ሬስት ሁለት ነገር ናቸው። «/ሪፖርት/314/ማጽደቅ» በፖስት ቢጠራ ምንም ነውር የለበትም፤ ማጽደቅን በግድ ወደ ስም ለመለወጥ የሚባክነው ስብሰባ ለሌላ ሥራ ይዋል።

ተረት፦ «ሥርዓቱን ስናድስ አድራሻውም ይታደሳል»

የድር ፈጣሪው ቲም በርነርስ-ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ጥሩ አድራሻ አይለወጥም ብሎ ሲጽፍ ከአድራሻው እንዲወጡ ከመከራቸው ነገሮች መካከል የፋይል ቅጥያና የሚሠራበት ሶፍትዌር ምልክት ይገኙበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ፒኤችፒ» የሚል ቅጥያ ያለው አድራሻ ኮዱ ወደ ሌላ ቋንቋ በዞረ ቀን ወይ ይዋሻል ወይ ይሰበራል። የእኛ ሁኔታ ከዚህ ይከብዳል። አድራሻው በደብዳቤ ታትሞ በማኅተም ወጥቷል፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ከኔትወርክ ርቆ የሚቆይ ስልክ ውስጥ ባለ አፕ ውስጥ ተቀብሯል። ያ ስልክ ኔትወርክ ሲያገኝ ያጠራቀመውን ሪፖርት ወደ ድሮው አድራሻ ይልካል።

መቀየር ግድ ከሆነ የድሮው አድራሻ ዝም አይበል። በተለምዶ የሚሰጠው 301 ለሚነበብ ገጽ ይበቃል፤ ለሪፖርት መላኪያ ግን አደገኛ ነው፤ ብዙ ብራውዘርና ላይብረሪ 301 ሲያገኝ ፖስቱን ወደ ጌት ይለውጠዋል፤ አዲሱ አድራሻ ይጠራል፣ ሪፖርቱ ግን አብሮ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአርኤፍሲ 7538 የተደነገገው 308 የጥሪውን ዓይነትም ይዘቱንም እንዳለ ያሻግራል። ጭራሽ የተዘጋ ተግባር ከሆነ 410 መልሱለት፤ አፑም ያንን ቁጥር ሲያይ ሪፖርቱን ሳይሰርዝ ይዞ ለባለሙያዋ እንዲነግራት አስቀድማችሁ ጻፉት። አሮጌዎቹን አድራሻዎች ከዝርዝሩ ከማውጣታችሁ በፊት ሎጉን ክፈቱና አሁንም የሚጠራቸው ስልክ እንዳለ እዩ።